ሰሚራ አለች ያልንባቸው ስምንት ቀናት

በዚያ ዓመት የክፍላችን የስም መጥሪያ መዝገብ በእኔ እጅ ነበር። ጠንካራ አረንጓዴ ሽፋን ያለው፣ ጀርባው በቡናማ ፕላስተር የተጠገነ መዝገብ ነው። ሠላሳ አራት ስም ተጽፎበታል። አሥራ ዘጠነኛው ስም የሰሚራ ነበር። እኔም የምነግራችሁ በአሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ስላደረግሁት ነገር ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ስሜ ኑረዲን ነው፤ ኑሩ ይሉኛል። እናቴ ከወሎ መጥታ ካርቱም፣ ካፉሪ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት የእናቴ አሠሪዎች ሊጥሏቸው ካወጧቸው መጻሕፍት ነው። አማርኛውን ደግሞ ሽፋንና የመጀመሪያ አሥራ ሁለት ገጾች ከሌሉት አንድ የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ አገኘሁት። ብቻውን የተማረ ሰው የሚያርመው ስለሌለ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ ያያል። በዚህ ምክንያት እጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የክፍል አለቃ ሆንኩ። ካርቱም ውስጥ የክፍል አለቃን «አልፋ» ይሉታል።

ትምህርት ቤታችን ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ውስጥ በኪራይ ግቢ የሚገኝ፣ የእኛን አገር ሰዎች ልጆች የሚያስተምር ነው። የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች የምንማረው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አብዛኞቻችን ጠዋት ሥራ አለን። በዓመቱ መጨረሻ አገር አቀፉን ፈተና የሚቀመጠው ቁጥር የተሰጠው ተማሪ ብቻ ነው። በተርሙ ውስጥ ያለ ምክንያት ከአሥር ቀን በላይ የቀረ ቁጥር አያገኝም።

እዚያ ትምህርት ቤት አንድ ጥሩ ነገር ነበረን፤ ሲት ነፊሳ። ሲት የሚባለው ለሴት መምህር ነው። እናቷ የደሴ፣ አባቷ የኦምዱርማን ሰው ናቸው፤ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ልቧ ግን አይሰበርም። ሥራዋ ማስተማር ሳይሆን ተማሪን መደገፍ ነበር። ሁለት ልማድ ነበራት። አንደኛው፣ ማንም ተማሪ ሦስት ቀን ተከታትሎ ከቀረ በዚያው ምሽት ቤቱ ሄዳ በር ታንኳኳለች። ሁለተኛው፣ ሐሙስ ሐሙስ እያንዳንዳችን በየራሳችን ትንሽ ደብተር ላይ «ምን ትፈልጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መስመር እንጽፍላታለን። አንዱ «ጫማ» ይላል፤ አንዷ «አባቴን አናግሪልኝ» ትላለች። አብዱ የሚባለው ቀልደኛችን በየሳምንቱ «ሚስት» ብሎ ይጽፍ ነበር። እሷም በየሳምንቱ «መጀመሪያ ፊዚክስ» ብላ ትመልስለት ነበር።

ሰሚራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ወደ ኩዌት ስትሄድ፣ ራሷ ትሠራበት በነበረው ቤት ሰሚራን በቦታዋ ተክታ ሄደች። ቤቱ ሪያድ ነው፤ ሪያድ ስል የካርቱሙን የሀብታም ሰፈር ማለቴ ነው። ሰሚራ ጠዋት ታጸዳለች፣ ከሰዓት በሁለት ሐፍላ፣ በሁለት አውቶቡስ፣ ተሳፍራ ትመጣለች። ባዮሎጂ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ነርስ መሆን ትፈልግ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ኑሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ እንቢ እንዳትለኝ።»

«መጀመሪያ ንገሪኛ።»

«መዳም ከነገ ወዲያ ለሰርግ ፖርት ሱዳን ይሄዳሉ፣ ሁሉም። እኔ ቤት ልጠብቅ ነው። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። አራት ቀን። ሐሙስ እመጣለሁ ኢንሻአላህ።»

«አንቺ እኮ ስድስት ቀን ቀርተሻል።»

«ስድስትና አራት አሥር ነው፤ መደመር እችላለሁ። ችግሩ አሥሩ አይደለም። ሲት ነፊሳ በሦስተኛው ቀን ትመጣለች። ባለፈው ስታንኳኳ መዳም ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ደግሞ ሰው ቤቴ ከመጣ ትምህርትሽ ከላስ፣ አለቀ።› አራቱን ቀን ሐዲር በልልኝ። በቃ።»

ሐዲር ማለት «አለሁ» ማለት ነው፤ ስማችን ሲጠራ የምንመልሰው።

«ስልክሽስ?»

«ስትሄድ ትወስደዋለች። ይዘጋል፤ አትጨነቅ።»

እሺ አልኩ። ለምን ስልኳን እንደምትወስድ አልጠየቅኩም። በሰው ቤት የሚሠሩ ሰዎች ልጆች ነን፤ እንዲህ ያለ ነገር አይገርመንም ነበር።

እሁድ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኡስታዝ ዐወድ ነበር። ሽማግሌ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነው። ስም ሲጠሩ ራሳቸውን ቀና አያደርጉም። እሳቸው ይጠራሉ፤ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ከኋላ ወንበር ፈቲያ ድምፅዋን አቅጥና «ሐዲር» አለች። ሃያኛዋ ራሷ ፈቲያ ነበረች። ወዲያው በወፍራሙ «ሐዲር!» አለች።

አብዱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ይቺ ልጅ ሁለት ነፍስ አላት እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቁን ዋጠ። እኔም ሰሚራን «አለች» ብዬ ሞላኋት።

ሰኞ ፈቲያ የሰሚራ ወንበር ላይ ቦርሳ አስቀመጠችና በመደገፊያው ላይ ጠርሓዋን፣ ነጩን የራስ ሻሽ፣ ጣል አደረገችበት። ከጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ሲታይ አንድ ሰው አቀርቅሮ የሚጽፍ ይመስላል። «እንዴት ነች?» አለችኝ። «ከእውነተኛዋ ይልቅ ጎበዝ ትመስላለች» አልኩ። ሳቅን። ማክሰኞም ረቡዕም እንዲሁ አለፈ። አራቱ ቀን አለቀ።

ሐሙስ አልመጣችም።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ነው። ስም ሲጠራ የሰሚራ ተራ ደረሰ። ፈቲያ ከልማድ የተነሳ «ሐዲር» አለች፤ ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች። ወደ እኔ ታያለች። ብዕሬ መስመሩ ላይ ነበር። «እነ መዳም መንገድ ላይ ዘግይተው ይሆናል፤ አንድ ቀን ነው» ብዬ አሰብኩና ምልክቱን አደረግሁ። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ትንንሾቹ ደብተሮች ተሰበሰቡ። የሰሚራ ባዶውን እንዳይሄድ ገለጥኩት። የእሷ «መ» ወደ ግራ ትንሽ ታዘነብላለች፤ ያለፉትን መስመሮች አይቼ በዚያው አጻጻፍ «ደህና ነኝ፤ ምንም አልፈልግም» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ የእኔን ከእሷ መለየት አልቻልኩም። ያኔ በሥራዬ ትንሽ ኮራሁ።

ዓርብና ቅዳሜ እረፍት ነው። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እሁድ ትልቅ ሃቡብ ነፈሰ። ሰማዩ ቀልቶ መምህሩና ሰሌዳው አልታይ አሉ፤ መብራት ጠፋ፤ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ገባ። በዚያ ቀይ ጨለማ ውስጥ ስም ተጠራ፤ ሰሚራም ተጠራች፤ «ሐዲር» ተባለ። ማን ምን እንደሆነ በማይታይበት ክፍል ውስጥ እሷ ከሌሎቻችን እኩል የነበረች መሰለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ አስቂኝ መሆኑ ቀረ። ፈቲያ ጠርሓዋን ከወንበሩ አላነሳችም። ልጆቹ በዚያ ሲያልፉ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ተሽሎክልከው ማለፍ ጀመሩ፤ የተቀመጠ ሰው እንዳይነኩ እንደሚጠነቀቁ። ማንም እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም። ወረቀት ሲታደል አንድ ቅጠል እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

ሰኞ ኡስታዝ ዐወድ ትምህርቱን አቋርጠው ወደዚያ አቅጣጫ ትክ ብለው አዩ።

«ሰሚራ ዛሬ ፊቷ ገርጥቷል» አሉ። «ማነው አጠገቧ ያለው? ውሃ ስጧት።»

ማንም አልሳቀም። አጠገቧ ያለችው ልጅ የፕላስቲክ ጠርሙሷን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኡስታዝም «አይዞሽ» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ማክሰኞ ደግሞ ይህ ሆነ። ስም ይጠራል። አሥራ ስምንተኛው መለሰ። «ሰሚራ ኢብራሂም» አሉ ኡስታዝ። «ሐዲር» የሚል ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ተሰማ። ምልክት አደረግሁ። በእረፍት ሰዓት ፈቲያ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቅዟል።

«ኑሩ፣ ማን ነው ዛሬ ሐዲር ያለው?»

«አንቺ ነሻ።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። ጉሮሮዬ በአቧራው ተዘግቶ ገና ልናገር ስል…»

«ከዲጃ ትሆናለች።»

«ጠየቅኳት። ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ሁሉም አንቺ መስለሽን ነው አሉ።»

ሴቶቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ወንዶቹንም ጠየቅኩ። አብዱ እንኳ አልቀለደም፤ «እኔ አይደለሁም፣ በእናቴ» አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ማን እንደመለሰ የነገረኝ የለም። አንዷ ፈርታ ደብቃን ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ሊሆን የሚችለው ይኸው ነው። ነገር ግን ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ የመጣውም ከዚያ ወንበር አካባቢ ነበር።

ያን ቀን ሲት ነፊሳ በኮሪደሩ አግኝታኝ «ኑሩ፣ ክፍልህ ጎበዝ ነው። ማንም አይቀር፣ ማንም አይፈልግ። እኔ ሥራ አጣሁ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰሚራን ሦስት ቀን ከቀረች በኋላ የሚፈልጋት አንድ ሰው ብቻ ነበር በዚህ ከተማ ውስጥ። ያቺን ሰው ደግሞ በብዕሬ አስቁሜአታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራዬ ሳልሄድ ሐፍላ ያዝኩ። የመንሺያን ድልድይ ተሻግሬ ሪያድ ወረድኩ። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ መጽሐፍ አድርሼላታለሁ። ሦስት ቪላዎች በተርታ፤ የእሷ የመሐለኛው፣ የግቢው በር ጥቁር ብረት ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ሆኗል። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ከሃቡቡ ወዲህ በዚያ ሰፈር መብራት አልመጣም ነበርና የአየር ማቀዝቀዣዎቹ ሁሉ ዝም ብለዋል። ካርቱም ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

የሦስቱም ቪላዎች ዘበኛ በዛፍ ጥላ ሥር አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዓም አደም ይባላል፣ ሽማግሌ ነው። ሰላምታ ከሰጠሁት በኋላ በዐረብኛ እንዲህ ተባባልን፦

«ሰሚራን ፈልጌ ነበር።»

«ትምህርት ቤት ናት።»

«በዚህ ሰዓት?»

«በየቀኑ ትሄዳለች። ስድስት ተኩል ላይ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ጥቁር ቦርሳ።»

ዩኒፎርሟ ሰማያዊ ነው፤ ቦርሳዋም ጥቁር ነው።

«ትናንትም ሄደች?»

«ትናንትም። በዓይኔ አየኋት።»

ትምህርት ቤት ሲጠየቅ አለች ይላል፤ ቤቷ ሲጠየቅ ትምህርት ቤት ናት ይላል። በሁለቱ መካከል ማንም ያላያት አንዲት ልጅ ነበረች። ወደ ግቢው በር ሄድኩ። በብረቱ ቅጠሎች መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ፤ በዚያ አየሁ።

ከግቢው በር እስከ ቤቱ በር አሥራ አራት ነጭ ሸክላዎች ተነጥፈዋል። ከዚያ ሦስት ደረጃ። ሁሉም በሃቡቡ አቧራ ተሸፍነዋል፤ እንደ ዱቄት የላመ፣ ምንም ያልነካው አቧራ። አንድ የድመት ኮቴ ብቻ እስከ በሩ ሄዶ፣ እዚያ ዞሮ፣ ተመልሷል። በሩ የብረት ነው። ከውጭ ትልቅ የጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ በቁልፉ ትከሻ ላይም አቧራ ተኝቷል።

«ዓም አደም፣ ሌላ መውጫ አለው?»

«የለውም። ይኸው ነው።»

«ትናንት በዚህ ነው የወጣችው?»

«በዚህ።»

«ከእሁድ ጀምሮ በዚህ የሄደው ድመት ብቻ ነው።»

መጥቶ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ጥምጥሙን አስተካከለ፤ ያልተጣመመውን።

«መዳም ናት» አለ ዝግ ብሎ። «ሰው ከጠየቀ ትምህርት ቤት ናት በል፣ ቤቱ ባዶ መሆኑ አይታወቅ ብላኛለች። እኔ በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ዳቦ አቀብላት ነበር። ከዚያ እነሱ እዚያው ቆዩ፤ ወንድሜም ሞተ፤ ኦምዱርማን ለቅሶ ሄድኩ። ትናንት ማታ ነው የመጣሁት። መዳም ስትደውል ደህና ናት አልኳት። መብራት የለም፣ ድምፅ የለም… ሰው ልከው ወስደዋታል ብዬ…»

ይህን ሲል ከቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ብረት በብረት ሲነካ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ሁለት ጊዜ።

ዓም አደም ወደ ኋላ ሸሸ። «አዑዙ ቢላህ! ቤቱ ሰው የለውም ብዬሃለሁ። ሰው የሌለበት ቤት ሌሎች ይገቡበታል።»

«ክፈትልኝ።»

«የግቢው ነው ያለኝ። የቤቱ ቁልፍ ከመዳም ጋር ነው።»

የግቢውን ከፈተ፤ እሱ ግን አልገባም። በአቧራው ላይ መርገጥ ፈራሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደረጃውን ወጣሁና ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። ብረቱ ይፋጅ ነበር።

«ሰሚራ!»

ድምፁ የመጣው ከእግሬ ሥር ነበር። መሬት ላይ፣ በሩ ግርጌ ተኝታለች።

«ፈቲያ ነሽ?»

«ኑሩ ነኝ።»

ትንፋሽዋ ይሰማኛል፤ አጭር፣ ፈጣን። «ዛሬ ሐሙስ ነው?» አለች።

«ረቡዕ ነው።»

«እህ… ገና ነው እንግዲህ» አለች።

ሁለተኛው ረቡዕ መሆኑን አልነገርኳትም። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። ውሃ፣ አለች። ሞተሩ ያለ መብራት አይሠራም፤ በርሜሉ አልቋል፤ ትኩሳት ይዟታል። ከበሩ በታች ያለው ክፍተት የአንድ ጣት ያህል ነበር። የዓም አደምን ጀሪካን ወስጄ አንገቴ ላይ የነበረውን ጨርቅ ነከርኩና በክፍተቱ አስገባሁት። ጨርቁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተኛ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ተሳበ። እጅ አላየሁም። ጨርቁ ብቻ ነበር የሚሄደው። ሲመለስ ደርቆ ነበር። ደግሜ ነከርኩ።

በሌላ እጄ ለሲት ነፊሳ ደወልኩ። ፖሊስ መጥራት ፈርቼ ነበር፤ ሰሚራ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የላትም። ነገር ግን ለሲት ነፊሳ ስናገር ምን እንደማጣ አውቅ ነበር፤ ሰሚራ የምታጣውንም።

«ሲት ነፊሳ፣ ሰሚራ የለችም።»

«ትናንት ክፍል ነበረች እኮ።»

«አልነበረችም። ስምንት ቀን ሆኗታል።»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ መዝገቡ እጄ ላይ ነው። ሐዲር ይላል። ሁሉም ሐዲር።»

«እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«ደብተሯስ? ሐሙስ ጻፈችልኝ። ደህና ነኝ፣ ምንም አልፈልግም አለች።»

«እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ልትሰድበኝ መሰለኝ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። «የት ነህ?» አለች ብቻ። ነገርኳት። «በሩ ምንድን ነው?» ብረት ነው አልኳት። «ውሃውን አታቁም። መጣሁ።»

በሃምሳ ደቂቃ ደረሰች፤ ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ አንድ በያጅ ይዛ። መብራት ስለሌለ የኤሌክትሪኩ መቁረጫ አይሠራም፤ ሰውዬው ሴጌቶ አወጣና ቁልፉን በእጁ መገዝገዝ ጀመረ። ዓም አደም የሲት ነፊሳን እጅ ሊይዝ ሞከረ።

«ያ ኡስታዛ፣ መዳም ትገድለኛለች!»

«ልጅቷ ከሞተች መንግሥት ይገድልሃል፤ ምረጥ» አለችው። ከዚያ ወደ በሩ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ለወጠች። «ሰሚራ፣ የኔ ቆንጆ፣ ነፊሳ ነኝ። አትተኚ እሺ? ባዮሎጂ ንገሪኝ። ልብ ስንት ክፍል አለው?»

ከውስጥ መልስ የለም። ጨርቁን አስገባሁ፤ አልተሳበም። የሴጌቶው ድምፅ ብቻ። ሲት ነፊሳ ደግማ ጠየቀች። ሦስተኛው ላይ፣ «አራት» የሚል ተሰማ። «ያላ፣ ቶሎ በል!» አለችው በያጁን፤ እንባዋ ይወርድ ነበር። «ስማቸውን ንገሪኝ፣ አንድ በአንድ!»

ሰሚራ ሁለቱን ተናገረች። ሦስተኛውን ጀምራ ተወችው። ቁልፉ የተቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሰዓት ያላየሁበት የሕይወቴ ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

በሩ ወደ ውጭ ተከፈተ። ዩኒፎርሟን ለብሳ ነበር። ማንኪያ በእጇ ይዛለች።

ሐኪም ቤት ክፉ ወባ ነው አሉ፤ አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ ብለው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሦስት ቀን ሰው አታውቅም ነበር። ሲት ነፊሳ አልጋዋ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ አደረች። መዳም ከፖርት ሱዳን ደውላ ስለ ቁልፉ ጠየቀች፤ ሲት ነፊሳ የመለሰችላትን በዐረብኛም በአማርኛም አልጽፈውም።

ሙዲሩ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ቢሮው ጠራኝ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ስድስት ቀን ቀርታ ነበር» አለ። «አራት ቀን ደግሞ ልትቀር አስባ ነበር። አሥር። የቀሩት አራት ቀናት የታመመችባቸውና በር ተቆልፎባት የቆየችባቸው ናቸው፤ የሐኪም ወረቀት አላት። በምክንያት ቀርታለች ብዬ እጽፍ ነበር። ትቀመጥ ነበር።»

«ይጻፉላታ፣ ኡስታዝ።»

«የት ላይ ልጻፈው? አንተ እኮ ቀርታለች አላልክም። በእነዚያ ቀናት ክፍል ውስጥ ነበረች። የተዋሸበትን መዝገብ ይዤ ሚኒስቴር ብሄድ የሠላሳ አራታችሁም ቁጥር ይሰረዛል።» ብዕር ሰጠኝ። «አንተ አርመው፤ በተሰረዘ መስመር ላይ የሐኪም ወረቀት ብጨምር ግን ማንም አያምነኝም።»

ስምንቱን ምልክት አንድ በአንድ ሰርዤ በቀይ ቀረች ብዬ ጻፍኩ። አለቅነቱን ተነጠቅሁ፤ ለፈተና ግን ተፈቀደልኝ። እኔ ቁጥር አገኘሁ፤ እሷ አላገኘችም።

በአምስተኛው ቀን ልጠይቃት ገባሁ። ከስታ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሲት ነፊሳ ሁሉን ነግራታለች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ስንት ቀን ነበር ያልኩህ?»

«አራት።»

«አራቱ የእኔ ናቸው፤ እኔ ነኝ የለመንኩህ። ሐሙስ ሳልመጣ ስቀር ለምን አልፈለግከኝም? አራቱን ሌላ ቀን ማን ጠየቀህ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለሰባት ወር አላናገረችኝም። በሚቀጥለው ዓመት ተፈትና አለፈች፤ ዛሬ ከሰላ በምትባል ከተማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ትሠራለች። በበዓል በበዓል እንደዋወላለን። ያን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልመለስኩትም።

አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ውሸት መጥፎ ነው ልላችሁ አይደለም፤ ያንን ታውቃላችሁ። እኛ የስደተኛ ልጆች አንዳችን ለሌላው ሐዲር እያልን ነው ያደግነው። ለጓደኛህ ወረቀት ትዋሻለህ፣ ለአክስትህ ዕድሜ ትዋሻለህ፤ ካልዋሸህ ሰው ይጠፋል። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውን መሸፈን ቀላል ሥራ ነው፤ አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚፈልገው። የሸፈንከውን ሰው ሄዶ ማየት ግን ሁለት ሐፍላ ይፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ስምንት ጊዜ ሠርቼ ረዳኋት ብዬ አሰብኩ። ስለ አንድ ሰው «ደህና ነው» ብላችሁ ለሌላ ከመለሳችሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳያችሁት ራሳችሁን ጠይቁ።

ጦርነቱ መጣ፣ ተበታተንን፤ ከዚያ አንዳንዶቻችን ተመለስን። አሁን ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ግድግዳው በጥይት በተበሳሳ አንድ ክፍል ውስጥ ለመጨረሻው ዓመት ፈተና የሚዘጋጁ አሥራ ሰባት ልጆች አስተምራለሁ። ሦስት ቀን አልጠብቅም። ዛሬ አንዲት ልጅ ቀርታለች፤ ስሟ ሐያት ነው፣ ከገበያው ጀርባ ነው የምትኖረው። ጓደኞቿ «ትንሽ አሟት ነው፣ ኡስታዝ፣ ነገ ትመጣለች» አሉኝ። እውነት ሳይሆን አይቀርም። ጽሑፌን እዚህ ላይ ላቁምና ሪክሻ ልያዝ።